መልሱ ተቀየረ፤ ሥራውስ?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ ስለ ፆታዊ ጥቃት መከላከል የተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። የዩኒቨርሲቲውን ስም ልተወው፤ የትኛውም ሊሆን ይችል ነበር። በር ላይ ደብተር፣ እስክሪብቶና "ቅድመ ሥልጠና" የሚል መጠይቅ ታደለን። ግማሽ ቀን ንግግር ሰማን፤ መሐል ላይ ሻይና ብስኩት ነበረ፤ መጨረሻ ላይ ያው መጠይቅ "ድኅረ ሥልጠና" ተብሎ ተመልሶ መጣ። አጠገቤ የተቀመጠው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በአንድ ደቂቃ ሞልቶ ወረቀቱን ገለበጠው። "የሴት ልጅ እምቢታ የእሺታ መጀመሪያ ነው" ለሚለው ዐረፍተ ነገር ጠዋት "እስማማለሁ" ላይ ምልክት አድርጎ ነበር፤ አሁን "በፍጹም አልስማማም" ላይ አድርጓል። እያየሁት መሆኔን ሲያውቅ ፈገግ አለና "የሚፈልጉት ይሄንን አይደል?" አለኝ።

የዚያ ሥልጠና ሪፖርት "የተሳታፊዎች ግንዛቤ በዚህን ያህል በመቶ አድጓል" እንደሚል አልጠራጠርም። ልጁም አልዋሸም፤ ተምሯል። የተማረው ግን ትክክለኛው መልስ የትኛው እንደሆነ ነው። ማታ ከፍቅረኛው ጋር ብቻቸውን ሲሆኑና እሷ "ዛሬ ይቅርብን" ስትለው የሚያደርገው ሌላ ጉዳይ ነው። በወረቀቱና በዚያ ምሽት መካከል ያለውን ርቀት ለመለካት ሰዎች ስንት ዓመት እንደደከሙ፣ ምንስ እንዳገኙ ልቃኝ ነው የተነሳሁት። አብዛኛው ታሪክ የሰሜን አሜሪካ ነው። በብዛት የሞከሩትም፣ በብዛት ወድቀው የጻፉትም እነሱ ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመቁጠር ነው። በ1957 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ክሊፎርድ ከርክፓትሪክና ዩጂን ካኒን የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁራን በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ 291 ሴቶችን ጠየቁ። 55.7 በመቶ የሚሆኑት በዚያው የትምህርት ዓመት አብሯቸው የወጣ ወንድ ከፈቀዱለት አልፎ እንደሄደባቸው ተናገሩ። ጥናቱ በታወቀ መጽሔት ላይ ወጣ፤ የሚገባውን ጆሮ ግን ለረጅም ጊዜ አላገኘም። የዚያን ዘመን ሰው "ደፋሪ" ሲባል የሚታየው በጨለማ ጥግ ላይ የሚያደባ የማይታወቅ ሰው ነበርና፣ ሲኒማ የጋበዘ የክፍል ጓደኛ በዚያ ስም ሊጠራ አይታሰብም ነበር።

ያንን ስም የነቀነቀችው ሜሪ ኮስ ናት። በኦሃዮ በሚገኘው ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህርት የነበረችው ኮስ በ1982 ከባልደረባዋ ጋር አንድ መጠይቅ አሳተመች። የመጠይቁ ብልሃት በአንዲት ቃል አለመደገፉ ነው። "ተደፍረሽ ታውቂያለሽ?" በማለት ብቻ አይወሰንም። ይልቁንም የሆነውን ነገር ይዘረዝራል፦ ሳትፈልጊ፣ ኃይል ስለተጠቀመብሽ ወይም ስላስፈራራሽ ይህ ይህ ሆኖብሽ ያውቃል? ስንት ጊዜ? ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር በእኛም ቋንቋ ቢሆን ያው ነው። "ተደፈርኩ" የሚለው ቃል ክብደት አለው፤ ፖሊስ ጣቢያ፣ ጋዜጣና ውርደት ይከተሉታል። በፍቅረኛዋ የተገደደች ልጅ ለቅርብ ጓደኛዋ ስትናገር "ጉድ ሠራኝ" ወይም "አስገደደኝ" ብትል ነው። ቃሉን ከጠየቅሃት "የለም" ትልሃለች፤ ድርጊቱን ከጠየቅሃት ግን ታለቅሳለች።

ኮስ ይህንን መጠይቅ ይዛ በመላ አሜሪካ 32 የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ዞረች፤ 6,159 ተማሪዎች ሞሉላት። በ1987 የታተመው ውጤት እንደሚለው ከሴቶቹ 27.5 በመቶ ያህሉ ከ14 ዓመታቸው ጀምሮ በሕጉ ትርጉም አስገድዶ መድፈር ወይም የመድፈር ሙከራ የሚባል ነገር ደርሶባቸዋል። ከወንዶቹ ደግሞ እንዲህ ያለውን ድርጊት መፈጸማቸውን ያመኑት 7.7 በመቶ ናቸው። የተደፈሩት አብዛኞቹ ሴቶች የደረሰባቸውን "መደፈር" ብለው አልጠሩትም። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እኔን የሚያስደነግጠኝ በመካከላቸው ያለው ገደል ነው። አንዳንዱ ወንድ ደጋግሞ ያጠቃል፣ ሁሉም አጥቂ ተማሪ አይደለም፤ ይህ ልዩነቱን በከፊል ያስረዳል። የቀረው ግን አንዷን ሌሊት እሱና እሷ በየፊናቸው ሌላ ሌላ ስም ስለሰጧት ነው ብዬ አምናለሁ።

ትችትም አልቀረላትም። የበርክሌዩ ፕሮፌሰር ኒል ጊልበርት "ወንዱ አልኮል ስለሰጠሽ" የሚለው ጥያቄ አሻሚ ነው፣ ሞቅ ብሏት የተስማማችውንና ራሷን ስታ የተጠቃችውን አንድ ላይ ይቆጥራል አለ። ከተቺዎቹ ብዙዎቹ ሊያጣጥሉ ነበር የመጡት፤ በዚህች ጥያቄ ላይ ግን ነጥብ ነበራቸው። ኮስና ባልደረቦቿ በ2007 መጠይቁን አሻሽለው ድርጊቱንና የተፈጸመበትን ዘዴ ለየብቻ እንዲጠይቅ አደረጉት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የመከላከያ ፕሮግራም የሚመዝን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ይህንኑ ሚዛን ወይም ዘሩን ነው።

ሕጉም በዚያው ሰሞን መጣ። በ1986 ጄን ክለሪ የተባለች የሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በገዛ ዶርሟ ውስጥ ተደፍራ ተገደለች፤ በወላጆቿ ትግል በ1990 የወጣው ሕግ የአሜሪካ ኮሌጆች በግቢያቸው የተፈጸመውን ወንጀል በየዓመቱ እንዲያሳውቁ አስገደደ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጥቃት ያስመዘገበ ኮሌጅ መጥፎ፣ ምንም ያላስመዘገበ ኮሌጅ ሰላማዊ መስሎ ይታያል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ ዜሮ ማለት አንዳንዴ አቤት የሚባልበት ደጅ የለም ማለት ነው። እንዲያውም ጥሩ ፕሮግራም የተጀመረበት ግቢ በመጀመሪያው ዓመት የአቤቱታው ብዛት ከፍ ቢል አይገርምም። ይህንን የማያውቅ የበላይ ኃላፊ የሚሠራውን ፕሮግራም ሊዘጋው ይችላል።

ከሕጉ ሌላ የራሱን ደንብ የሞከረ ኮሌጅም ነበረ። ኦሃዮ የሚገኘው አንቲዮክ ኮሌጅ በ1991 ለእያንዳንዱ የቅርርብ እርምጃ በቃል ፈቃድ ይጠየቅ የሚል ደንብ ሲያወጣ አገር ሳቀበት፤ በ1993 በቴሌቪዥን ቀልድ ሆነ። ያን ጊዜ የተሳቀበት ሐሳብ ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መደበኛ ደንብ ነው።

የዘጠናዎቹ ዓመታት የአንድ ሰዓት ንግግር ዘመን ናቸው። አዲስ ገቢ ተማሪዎች አዳራሽ ይሰበሰባሉ፣ ቪዲዮ ያያሉ፣ ስለ ወንድና ሴት የተሳሳቱ አስተሳሰቦች ይነገራቸዋል፣ መጠይቅ ይሞላሉ። ከእነዚህ መካከል በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቲን ጊዲዝ ከባልደረቦቿ ጋር የሠራችው ለየት ይላል፤ አመለካከት ጠይቃ አልበቃትም፣ ሳምንታት ቆይታ "ከዚያ ወዲህ የደረሰብሽ ነገር አለ?" ብላ ጠየቀች። በ1993 የታተመው ውጤት ተስፋ ሰጪ ነበር፦ ከዚህ ቀደም ጥቃት ባልደረሰባቸው ሴቶች ላይ ፕሮግራሙ ጥቃትን ቀንሷል። ቀድሞ በተጠቁት ላይ ግን ምንም አልፈየደም፤ ይበልጥ እርዳታ የሚሹት እነሱ ነበሩ። በኋላ ሲደገም ያ የመጀመሪያው ተስፋም እንደቀድሞው አልታየም። ተመራማሪዎቹ ይህንንም አሳተሙ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ በጣም የማከብረው ይህን ነው፤ "አልሠራም" ብሎ በስሙ የሚፈርም ሰው።

በ2005 አንደርሰንና ዊስተን እስከዚያ የተሠሩ 69 ጥናቶችን፣ ከ18,000 በላይ ተማሪዎችን ደምረው መዘኑ። ዕውቀት ጨምሯል፤ አመለካከት በጥቂቱ ተሻሽሏል፤ የጥቃቱ መጠን ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። የዚያ ቅዳሜ ጠዋት ልጅ በ18,000 ተባዝቶ እንደማለት ነው።

ታዲያ አዲስ መንገድ ተፈለገ። በ1993 በቦስተን ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ጃክሰን ካትዝ ከስፖርተኞች ጋር የጀመረው ሥራ ወንዱን እንደ ወንጀለኛ፣ ሴቷን እንደ ተጠቂ ማናገሩን ተወና ሁለቱንም በቦታው እንደተገኘ ሦስተኛ ሰው አናገራቸው። ጓደኛህ ራሷን የማታውቅ ልጅ ደግፎ ወደ ክፍሉ ሲወስድ አየህ፤ ምን ታደርጋለህ? ተመራማሪዎቹ ለዚህ ሰው የሰጡት ስም "ቆሞ የሚያይ" የሚል ስሜት አለው። እኛ የተሻለ ቃል አለን፦ ገላጋይ። ሁለት ሰው ሲያያዝ ሮጦ መሐል የማይገባ ሰው በእኛ ሰፈር ይታማል። ያው ሰው ግን ወንድ ፍቅረኛውን በጥፊ ሲመታ ቢያይ "የእነሱ ጉዳይ ነው፣ ነገ ይታረቃሉ" ብሎ ያልፋል። ገላጋይነታችን ከዶርሙ በር መለስ ነው።

በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ቪክቶሪያ ባንያርድና ባልደረቦቿ ይህንን በሙከራ ፈተኑት። 389 ተማሪዎች በዕጣ ተከፋፈሉ፤ አንዳንዶቹ አንድ ጊዜ፣ አንዳንዶቹ ሦስት ጊዜ ሠለጠኑ፣ የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። በ2007 የታተመው ውጤት በሠለጠኑት ላይ ለውጥ አሳየ፤ አብዛኛው ለውጥ ከዓመት በኋላም አልጠፋም። በኬንታኪ ደግሞ ይኸው ሐሳብ በ26 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲሞከር ወሲባዊ ጥቃት ፈጽመናል የሚሉ ተማሪዎች ቁጥር ቀነሰ፤ ያውም በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት። አስተውሉ፣ በሦስተኛው ዓመት! የሁለት ዓመት በጀት ይዞ የመጣ ለጋሽ ቢሆን "አልሠራም" ብሎ ሄዶ ነበር።

ሆኖም በ2019 የዚህ ዓይነት 27 ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ነገሩ ወደ ልኩ ተመለሰ። የሠለጠኑ ተማሪዎች ይበልጥ ጣልቃ ይገባሉ፤ ይህ እውነት ነው። ራሳቸው የሚፈጽሙት ጥቃት ግን አልቀነሰም። ገላጋዩ ወንድሙን ያስጥላል፤ ራሱን የሚገላግለው የለም።

ከዚያ በፊት በ2014 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባለሙያዎች ከ1985 ጀምሮ የተሠሩ 140 ግምገማዎችን አንድ በአንድ ፈትሸው ነበር። ጠበቅ ባለ ዘዴ ተፈትነው ወሲባዊ ጥቃትን ራሱን የቀነሱት ሦስት ብቻ ሆነው ተገኙ። አንደኛው በሰሜን ካሮላይና የስምንተኛና የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን ስለ ፍቅረኛ ግንኙነት የሚያስተምር፣ ሁለተኛው በኒው ዮርክ መለስተኛ ትምህርት ቤቶች ልጆች የሚፈሩባቸውን የግቢውን ቦታዎች በካርታ ለይቶ መምህራንን እዚያ የሚያቆም፣ ሦስተኛው ደግሞ ፕሮግራምም አይደለም፤ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለመከላከል በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ለፖሊስ፣ ለፍርድ ቤትና ለተጠቂዎች አገልግሎት የተመደበ ገንዘብ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተብሎ ከተዘጋጀው አንድም አልነበረም።

ዓመት ሳይቆይ ካናዳ መለሰች። የዊንዘር ዩኒቨርሲቲዋ ሻርሊን ሴን በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች፣ በዊንዘር፣ በጉዌልፍና በካልጋሪ፣ 893 የአንደኛ ዓመት ሴት ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለች። አንዱ ቡድን አጠር ያለ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ እንደ ወትሮው ብሮሹር ወሰደ። ሌላው አራት ጊዜ በሦስት በሦስት ሰዓት፣ በጠቅላላው 12 ሰዓት ሠለጠነ። ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የአደጋን ምልክት ማንበብ ይማራሉ፦ ልጅቱን ከጓደኞቿ የሚነጥል፣ "አይሆንም" ስትለው ያልሰማ መስሎ የሚቀጥል፣ መጠጡን ደጋግሞ የሚቀዳ ሰው ምን እያደረገ ነው? ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። የሚያጠቃት የምትወደው ወይም የምታከብረው ሰው ሲሆን "ላስቀይመው ይሆን?" የሚለው ይሉኝታ ምላሷን እንዴት እንደሚያስር ይነጋገሩበታል። በሦስተኛው ጮክ ብሎ መናገርንና በአካል ራስን መከላከልን ይለማመዳሉ፤ ምንጣፍ ላይ፣ እየሳቁም እየላባቸውም። በአራተኛው እያንዳንዷ ራሷ ከግንኙነት ምን እንደምትፈልግና ምን እንደማትፈልግ ታስባለች፤ የምትፈልገውን ያወቀች የማትፈልገውን ቶሎ ትለየዋለች ከሚል ነው።

ከዓመት በኋላ ተመልሰው ጠየቋቸው፤ በኮስ መጠይቅ። ብሮሹር ከወሰዱት መካከል በዚያ ዓመት የተደፈሩት 9.8 በመቶ ነበሩ፤ ከሠለጠኑት 5.2 በመቶ። የመድፈር ሙከራ ከ9.3 ወደ 3.4 በመቶ ወረደ። በስሌቱ 22 ሴቶችን ማሠልጠን በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ መደፈርን ያስቀራል። በ2015 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን፣ ብዙውን ጊዜ የመድኃኒት ሙከራ የሚታተምበት መጽሔት፣ አወጣው። ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመው ክትትልም ጥቅሙ እንዳልተነነ አሳየ።

ወዲያው የተነሳው ተቃውሞ ግን ቀላል አልነበረም። ጥፋተኛው ወንዱ ሆኖ ሳለ ቅዳሜና እሁዷን ምንጣፍ ላይ የምታሳልፈው ለምን እሷ ትሆናለች? ይህ ጥያቄ ልቤን ይነካዋል፤ ሆኖም ከቁጥሩ ጋር ሳስተያየው አቋሜን ይቀይረዋል ማለት አልችልም። ወንዶቹን የሚቀይር ነገር እስኪገኝ እሷ ባዶ እጇን ትጠብቅ ማለት ፍትሕ አይመስለኝም። ሠልጣኞቹም ራሳቸውን ወደ መውቀስ አልሄዱም፤ በተጠቂ ላይ የማመካኘት ዝንባሌያቸው ቀንሶ ነው የተገኘው።

ወንዶችን በሚመለከት ተስፋ የሰጠው ሥራ ከአትላንታ ተነሥቶ ሃኖይ ደረሰ። ሎራ ሳላዛር በ2014 ያሳተመችው ጥናት የፈተነው ለወንድ ተማሪዎች በኢንተርኔት የሚቀርብ ባለ ስድስት ክፍል ፕሮግራም ነው፤ እንደ ተከታታይ ድራማ ታሪክ አለው። ይህንኑ ካትሪን ያውንትና የቬትናም ባልደረቦቿ ወስደው ገጸ ባሕርያቱን፣ ቤቱን፣ ንግግሩን ቬትናማዊ አደረጉትና በሃኖይ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ለ793 አዲስ ገቢ ወንዶች አቀረቡ። ከስድስት ወር በኋላ ፕሮግራሙን ያዩት ከንጽጽር ቡድኑ ያነሰ ወሲባዊ ጥቃት መፈጸማቸውን ተናገሩ። ፕሮግራሙን ተርጉመው ብቻ አለማቅረባቸው፣ ተማሪዎቹን ቀድመው አነጋግረው እንደገና መጻፋቸው ለእኔ ከቁጥሩ እኩል ይመዝናል።

በ2024 ደግሞ ትልቁ ድምር መጣ፤ ከ1985 እስከ 2018 የተሠሩ 295 ጥናቶች። አስተሳሰብን በመለወጥ ረገድ ፕሮግራሞቹ ጠንካራ ናቸው፤ ድርጊትን በመለወጥ ረገድ ግን እዚህ ግባ የሚባል ውጤት አልታየም። ከሁሉ የሚያሳስበው አስተሳሰቡ በተለወጠበትም ድርጊቱ አብሮ ለመለወጡ ማስረጃው ደካማ መሆኑ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ "አመለካከት ይቀየር፣ ሌላው ይከተላል" ሲባል ኖረ፤ ሌላው አልተከተለም።

ወደ አገራችን ስመለስ የምናውቀው ከምንሠራው የተሻለ ሆኖ አገኘዋለሁ። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ 1,330 ሴት ተማሪዎች የሞሉትና በ2008 የታተመው ጥናት 59.9 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው፣ 40.3 በመቶ ደግሞ በዚያው የትምህርት ዓመት ፆታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው ተመሳሳይ ቆጠራ ተደጋግሟል። በወንጀል ሕጋችን አስገድዶ መድፈር በመደበኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎችና መምህራን የጀመሩት "የሎው ሙቭመንት" የተባለው የሴቶች መብት እንቅስቃሴ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን ሲያነጋግር ዓመታት ተቆጥረዋል።

ፈትኖ መለካትም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሰፈሮች ከ15 እስከ 24 ዓመት የሆኑ 809 ወጣት ወንዶች የተሳተፉበት ሥራ አለ። የቡድን ውይይትና የሰፈር ቅስቀሳ ካገኙት መካከል በስድስት ወር ውስጥ በፍቅረኛቸው ላይ ጥቃት ፈጽመናል ያሉት ከ53 ወደ 38 በመቶ ወረዱ፤ ቅስቀሳ ብቻ በነበረበት ሰፈር ከ60 ወደ 37። ሁለቱም ባልነበሩበት ሰፈር ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም። ያ ሦስተኛው ሰፈር ባይኖር "የሚፈልጉት ይሄንን አይደል?" የሚለው ጥርጣሬ ሁሉንም ቁጥር ይበላው ነበር። በጉራጌ ዞንም በ64 መንደሮች፣ ቡና እየተፈላ፣ 14 ጊዜ የተካሄደ ውይይት በዕጣ ተፈትኗል፤ ለወንዶች በተሰጠባቸው መንደሮች ባሎች በሚስቶቻቸው ላይ ፈጸምነው የሚሉት ወሲባዊ ጥቃት ቀንሷል። የጠየቋቸው ሥልጠናው ካለቀ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ገጠር ውስጥ፣ ስኒ ይዞ የሚቻል ነገር ቤተ መጻሕፍትና የተማሪ መለያ ቁጥር ባለበት ግቢ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤቶችንም ለጋሾቻቸውንም የምለምነው ይህን ነው። ድኅረ ሥልጠና የሚለውን ወረቀት ሻይ ከጠጣን በኋላ አትስጡን፤ ከዓመት በኋላ ስጡን። ምን እንደምናምን አትጠይቁን፤ ምን እንዳደረግንና ምን እንደተደረገብን ጠይቁን፣ ስማችንን ሳትጽፉ። ያልሠለጠነውንም ዶርም ጠይቁ። ውጤቱ ባዶ ከሆነም አሳትሙት።

በዚያ ቅዳሜ ለአበሉ ብለን የመገኘት መመዝገቢያ ላይ ሁላችንም ስልክ ቁጥራችንን ጽፈን ፈርመን ነበር። እኔም፣ ያ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅም። እስካሁን የደወለልኝ የለም።